የማይደፈን ቱቦ ፍለጋ፦ የሻንት ታሪክ ከፊላደልፊያ እስከ ሐረር

ሐረር ለኖረ ሰው ስለ ውሃ መስመር ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማዋ ስትጠማ፣ ውሃው ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከሀሰሊሶ፣ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ልጅ ሁሉ ፓምፕ፣ ግፊትና የተደፈነ መስመር ምን እንደሆኑ ከመምህሩ በፊት ያውቃል።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሌላ መስመር ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ውፍረቱ ስክሪፕቶ ውስጥ ካለው የቀለም ቱቦ ጋር ይቀራረባል። ከጭንቅላት ይነሳል፣ ከጆሮ ጀርባ በቆዳ ስር ይወርዳል፣ በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ውስጥ ያበቃል። ስሙ ሻንት ይባላል። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሕጻናትን ከሞት አድኗል። ግን አንድ ክፉ አመል አለው፤ ይደፈናል። ሲደፈን ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። መሐንዲሶችና ሐኪሞች ይህን አመል ለማስተው ከ70 ዓመት በላይ ታግለዋል። ትግሉ ምን እንዳስተማረን አብረን እንይ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ከየት ይመጣል?

አንጎላችን ደረቅ ቦታ ላይ አልተቀመጠም። በንጹህ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ ነው የሚኖረው። በአንጎል ውስጥ ቬንትሪክል የሚባሉ አራት ክፍተቶች አሉ። በእነዚህ ውስጥ ያለው ኮሮይድ ፕሌክሰስ የተባለ፣ በደም ስሮች የተሞላ ሥጋ ፈሳሹን ያመነጫል። ፈሳሹ በክፍተቶቹ አልፎ፣ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ተዘዋውሮ፣ በመጨረሻ ወደ ደም ይመለሳል።

ቁጥሮቹን ተመልከቱ። አንድ አዋቂ በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ያመነጫል። በአንድ ጊዜ ጭንቅላትና ጀርባ ውስጥ ያለው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል ማለት ነው። የሚገባውና የሚወጣው እኩል እስከሆኑ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። መውጫው ከጠበበ ግን ኮሮይድ ፕሌክሰስ ማምረቱን አያቆምም። ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ክፍተቶቹ ይለጠጣሉ፣ አንጎል ከራስ ቅል ጋር ይጫናል። ይህ ሀይድሮሴፋለስ ይባላል።

በጨቅላ ሕጻን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ ያድጋል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። አጥንቱ በተጋጠመ ልጅ ላይ ደግሞ መለጠጫ ቦታ ስለሌለ ራስ ምታት፣ ማስታወክና መፍዘዝ ይመጣል። መነሻው ከአፈጣጠር የመጣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ማጅራት ገትርን የመሰለ ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። ከስፓይና ቢፊዳ ጋር አብሮ የሚመጣም ብዙ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። እርግማን ግን አይደለም። የቧንቧ ችግር ነው።

ከሻንት በፊት

የቧንቧ ችግር መሆኑ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1913 እና በ1914 አካባቢ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ዋልተር ዳንዲ እና ኬኔት ብላክፋን በውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ የፈሳሹን መተላለፊያ ዘጉት። ከተዘጋው ቦታ በላይ ያሉት ክፍተቶች አበጡ። ፈሳሹ የሚመነጨው እዚያው ቬንትሪክሎቹ ውስጥ መሆኑም በዚህ ግልጽ ሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ሐሳቦች ነበሩ። አንደኛው ምንጩን መቀነስ ነው። ዳንዲ በ1918 ኮሮይድ ፕሌክሰስን በቀዶ ሕክምና ማውጣቱን አሳወቀ፤ ግን በዘመኑ መሣሪያ እጅግ አደገኛ ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ አዲስ መውጫ መክፈት ነው። በ1923 ዊልያም ሚክስተር ለሽንት ቧንቧ ምርመራ የተሠራውን መመልከቻ መሣሪያ ወደ አንጎል አስገብቶ፣ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል በስቶ ለፈሳሹ ማለፊያ አበጀ። ብርሃኑ ደካማ፣ መሣሪያው ወፍራም ስለነበር ዘዴው ብዙም ተከታይ አላገኘም። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ያዙልኝ፤ ከ80 ዓመት በኋላ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ እናገኛቸዋለን።

ሦስተኛው መንገድ ቱቦ ነበር። ኖርዌያዊው አርኔ ቶርኪልድሰን በ1930ዎቹ መጨረሻ ፈሳሹን ከቬንትሪክል አንስቶ ከአንጎል በታች ወዳለው ክፍተት የሚያሻግር የጎማ ቱቦ አስገባ። ለአንዳንዱ ታማሚ ሠራ። ፈሳሹ ወደ ደም የሚመለስበት መንገድ ራሱ ለተበላሸበት ልጅ ግን አልጠቀመም። ለእንዲህ ያለው ፈሳሹን ከጭንቅላት ጨርሶ ማውጣት ያስፈልጋል።

የቁልፍ ፋብሪካው ሠራተኛ

ፈሳሹን በቀጥታ ወደ ትልቅ የደም ስር ብናፈስሰውስ? ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ ቱቦ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ደም ወደ ቱቦው ይገባና ይረጋል፣ መስመሩም ያልቅለታል። ስለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት፣ ግፊቱ በቂ ሲሆን ብቻ የሚያሳልፍ በር ያስፈልጋል። የጀጎልን አምስት በሮች አስቡ። ማታ የማይዘጋ በር በር አይባልም፤ ቀዳዳ ነው። ቫልቭም እንዲሁ ነው።

በ1949 ፊላደልፊያ ውስጥ ፍራንክ ናልሰን እና ዩጂን ስፒትዝ በኳስና በስፕሪንግ የሚሠራ የብረት ቫልቭ ከደም ስር ጋር አገናኙ። ሐሳቡ እንደሚሠራ ታየ፤ ግን ለብዙ ልጆች የሚሆን አስተማማኝ መሣሪያ ገና አልነበረም።

በ1955 ኬሲ የተባለ ሕጻን ከስፓይና ቢፊዳ ጋር ተወለደ፣ ሀይድሮሴፋለስም ተከተለው። አባቱ ጆን ሆልተር ቁልፍ በሚያመርት ፋብሪካ የሚሠራ ቴክኒሺያን ነበር። ሐኪሙ ስፒትዝ ችግሩን ሲያስረዳው ሆልተር የሰማው የበሽታ ስም ብቻ አልነበረም፤ የለመደውን ዓይነት የሥራ ጥያቄ ሰማ። ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ለስላሳ ቱቦ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብታደርጉበት፣ ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ይዘጋል፣ ከውጭ ሲገፋ አያሳልፍም። ቀላል ነው አይደል? ከባዱ ማቴሪያሉ ነበር። በሙቀት ሲጸዳ ቅርጹን የማይለውጥ፣ ሰውነትም የማይቆጣው ነገር ይፈለጋል። መልሱ በዚያ ዘመን አዲስ የነበረው ሲሊኮን ሆነ።

በ1956 ስፒትዝ የሆልተርን ቫልቭ በታማሚዎች ላይ መጠቀም ጀመረ። ኬሲ ራሱ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። የአባቱ ቫልቭ ግን ብዙ አገር ደረሰ። ሲሊኮንም ዛሬ ድረስ የሻንት ዋና ማቴሪያል ነው።

ደራሲው፣ ሞዴል ሠሪውና ሐኪሙ

የሆልተር ቫልቭም ይደፈን ነበር። በታህሳስ 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ የእንግሊዛዊው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የሮዋልድ ዳል የአራት ወር ልጅ በጋሪው ላይ እያለ ታክሲ ገጨው። ከጉዳቱ በኋላ ሀይድሮሴፋለስ ስለመጣ ሻንት ገባለት፤ ሻንቱም ደጋግሞ ተደፈነ።

ዳል ለሞዴል አውሮፕላን ትንንሽ ፓምፖች የሚሠራ ስታንሊ ዌድ የሚባል መሐንዲስ ያውቅ ነበር። እሱን ለንደን ካለው የሕጻናት ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ከኬኔት ቲል ጋር አገናኘው። ሦስቱ በ1962 ዌድ–ዳል–ቲል የተባለ ቫልቭ ይዘው መጡ። በውስጡ ስንጥቅ የለም፤ ፈሳሹ ሲገፋቸው ከፍ የሚሉ፣ ወደኋላ ሲመለስ የሚዘጉ ትንንሽ የብረት ሳህኖች ናቸው ያሉት። ያኔ የዳል ልጅ ተሽሎት ስለነበር ቫልቩ አላስፈለገውም። ሦስቱ ሰዎች ትርፍ ላለመውሰድ ተስማሙ፤ ቫልቩም በሺዎች ለሚቆጠሩ ሕጻናት ገባ።

ታዲያ ለምን ይደፈናል?

ከዚያ ወዲህ መስመሩ ከደም ስር ይልቅ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲያፈስ ተደረገ። ሆድ ፈሳሹን በደንብ ይመጣል፣ ልጁ ሲያድግ የሚዘረጋ ትርፍ ቱቦም እዚያው ማስቀመጥ ይቻላል። ኢንፌክሽን ቢመጣም በቀጥታ ልብ ውስጥ አይደለም። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በርሜል ውስጥ ጎማ ነክራችሁ ጫፉን ወደ ታች ስታደርጉት ውሃው ራሱ ይጎትታል፤ ሲፎን የሚባለው ነው። ሻንት ያለበት ልጅ ተኝቶ ሲነሳም ይኸው ይሆናል። ከጭንቅላት እስከ ሆድ ያለው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የውሃ ዓምድ ወደ ታች ይስባል። ተኝቶ ሳለ በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ግፊት ግን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሻንት ሲደፈን ብቻ ሳይሆን አብዝቶ ሲያፈስም ጉዳት አለው። ይህን የሚከላከሉ ቫልቮች በ1970ዎቹ ተሠሩ። በኋላም ቆዳ ሳይከፈት ከውጭ በማግኔት የሚስተካከሉ መጡ።

እዚህ ላይ አንድ መሐንዲስ ቫልቩን ካሻሻልነው ችግሩ ያልቃል ብሎ ማሰቡ አይገርምም። በ1998 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን ፈተነ። 344 ሕጻናት በዕጣ ሦስት ዓይነት ቫልቭ ተመደበላቸው፤ አንደኛው የተለመደው፣ ሁለቱ በተሻለ ንድፍ የተሠሩ። ውጤቱ? ልዩነት አልተገኘም። በሦስቱም ዓይነት ከ10 ሻንቶች አራቱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ተበላሹ።

ምክንያቱን ለማየት ሐኪሙ ሻንት ሲጠግን ምን እንደሚያደርግ እንከተል። ልጁ ማስታወክ፣ መነጫነጭ ወይም ከመጠን በላይ መተኛት ጀምሯል። እርግብግቢቱ ገና ክፍት ከሆነ በአልትራሳውንድ፣ ካልሆነ በሲቲ ስካን ቬንትሪክሎቹ ሰፍተው እንደሆነ ይታያል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሙ መስመሩን መሃል ላይ ይፈታዋል። ከላይኛው ቱቦ ፈሳሽ ይንጠባጠባል? ካልተንጠባጠበ የተደፈነው የጭንቅላቱ ጫፍ ነው። በታችኛው ቱቦ የተጨመረ ፈሳሽ በቀላሉ ይወርዳል? ካልወረደ ችግሩ ሆድ ውስጥ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቫልቩ ይጠረጠራል። ውሃ ቤታችሁ አልደርስ ሲል ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን እየፈታ የሚፈልገው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል። ኢንፌክሽን ካለ ግን ዕቃው በሙሉ ይወጣል። ፈሳሹ ለጊዜው ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደርጎ በመድኃኒት ከጸዳ በኋላ አዲስ ይገባል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ጭንቅላት ውስጥ ባለው ጫፍ ነው። የቱቦው ቀዳዳዎች ውስጥ ኮሮይድ ፕሌክሰስና ሌላ ሥጋ ያድግባቸዋል። ሐኪሙ የተጣበቀውን ቱቦ በኃይል ቢጎትት ደም ሊፈስ ስለሚችል እጅግ ይጠነቀቃል። ቫልቩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ በሕያው ሥጋ የተወረረን ቀዳዳ አይከፍትም። የ1998ቱ ውጤት ያስተማረው ይህን ነው።

ምባሌ የመለሰው ሐሳብ

ሆስፒታል በአቅራቢያው ላለ ቤተሰብ የሻንት መደፈን ከባድ ቀን ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ለሆነ ቤተሰብ ግን የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት አጥብቆ ያየው አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ዎርፍ ነው። በ2000 ወደ ኡጋንዳ ሄዶ ምባሌ ከተማ የሕጻናት ሆስፒታል ከፈቱ።

ዎርፍ ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ሕንድ የተሠራውና 35 ዶላር ገደማ የሚያወጣው ቻብራ ሻንት፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ከሚሸጠው ጋር ሲወዳደር የአንድ ዓመት ውጤቱ አልተለየም። ይህ በ195 ሕጻናት ላይ ታይቶ በ2005 ታተመ። ሁለተኛ፣ ያቆየናቸውን ሁለት አሮጌ ሐሳቦች አንድ ላይ አመጣቸው። በቀጭን ኢንዶስኮፕ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል ይበሳል፤ በዚያው መንገድ ኮሮይድ ፕሌክሰሱን እየተኮሰ ምንጩን ይቀንሳል። ምንም ቱቦ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚደፈን ቱቦ የለም። ለሁሉም ልጅ አይሠራም፤ የተበሳው ቀዳዳም አንዳንዴ ይዘጋል። ካልሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በ2017 በታተመ ጥናት 100 የኡጋንዳ ሕጻናት ለዚህ ዘዴና ለሻንት በዕጣ ተከፍለው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በአእምሮ እድገታቸው ልዩነት አልታየም።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እስከ 2006 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የሚሰለጥንበት ፕሮግራም አልነበረም፤ ባለሙያዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥልጠናውን ጀመረ። ሰልጣኞቹ በጥቁር አንበሳና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በምንለው ይሠሩ ነበር። የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ሀይድሮሴፋለስና ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ሕጻናት የሚታከሙበት ዋና ቦታ ሆነ። ሙያው ወደ መቀሌ፣ ጎንደርና ጅማ ቢወጣም አብዛኞቹ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች አሁንም አዲስ አበባ ናቸው።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚያገለግለው የጀጎልን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሐረርጌ ገጠርና ከሶማሌ ክልል የሚመጣውንም ነው። ከባቢሌ ወይም ከጉርሱም ገጠር ልጇን አዝላ የምትነሳ እናትን አስቡ። ሻንቱ በሌሊት ቢደፈን ጉዳዩ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ለእሷ ትልቁ ጥያቄ ‘የትኛው ቫልቭ ይሻላል?’ የሚለው አይደለም። ‘ሲበላሽ በጊዜ ማን ጋ እደርሳለሁ?’ ነው። ስለዚህ ሻንት ያለበት ልጅ ሲያስታውክና ሲፈዝ ‘ምግብ አልተስማማውም’ ብሎ ማደር አይገባም። በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህን ጎረቤትም፣ መምህርም፣ ታላቅ ወንድምና እህትም ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

ከቱቦው በፊት

ሐረር ለዚህ ታሪክ የጨመረችው ሌላ ምዕራፍም አለ። ቻምፕስ የተባለ፣ ሕጻናት ለምን እንደሚሞቱ የሚያጠና ፕሮጀክት በአፍሪካና በእስያ አገሮች ይሠራል። የኢትዮጵያው ጣቢያ ሐረር ከተማና በአቅራቢያዋ ያለችው ቀርሳ ሲሆኑ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይመራዋል። በ2023 የታተመ ውጤታቸው እንዳሳየው፣ ሞተው በተወለዱና ከአምስት ዓመት በፊት በሞቱ ሕጻናት ላይ የነርቭ ቱቦ ክፍተት ከሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ በላይ የተገኘው በኢትዮጵያው ነው።

የነርቭ ቱቦ ክፍተት ማለት አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ጽንሱ ውስጥ ሳይገጥም ሲቀር ነው። ስፓይና ቢፊዳ አንዱ ዓይነት ነው፤ ከእሱ ጋር ከሚወለዱት ብዙዎቹ ሀይድሮሴፋለስ ይከተላቸዋል። ቱቦው የሚገጥመው ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። በ1991 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ እርግዝና የነበራቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ።

እንክብሉ ከእርግዝና በፊት መወሰድ ስላለበት ብዙ አገሮች ፎሊክ አሲድን ዱቄት ላይ መጨመር ጀመሩ። ኢትዮጵያም በ2022 የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ ግዴታ አደረገች። ግን የሐረርጌ ገበሬ የሚበላው ራሱ ያመረተውንና በሰፈር ወፍጮ ያስፈጨውን ማሽላና በቆሎ ነው፤ የፋብሪካ ዱቄት ብዙም አይደርሰውም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ጨው ላይ የጣሉት። አዮዲን በ2011 ከወጣው ግዴታ በኋላ በጨው አማካይነት እየተሠራጨ ነው። ፎሊክ አሲድም በዚያው መንገድ መሄድ ይችል ይሆን? ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ በሙቀትና በእርጥበት የሚቆይበት ጊዜ፣ ዋጋው፤ እነዚህ ሁሉ የኬሚስትና የመሐንዲስ ጥያቄዎች ናቸው።

ሆልተር ቁልፍ ፋብሪካ ውስጥ የተማረውን ይዞ ወደ ችግሩ ገባ፤ ዌድም የሞዴል ፓምፕ ዕውቀቱን ይዞ። ከእናንተ መካከል ነገ ምህንድስና፣ ሕክምና ወይም የምግብ ሳይንስ የምትማሩ አላችሁ። ሥጋ የማይበቅልበት የቱቦ ጫፍ ገና አልተሠራም። ሻንት ሲደፈን ከቤት ሆኖ የሚናገር ርካሽ መሣሪያም በየጤና ጣቢያው የለም። የተበለጸገ ጨውም ገና የቀርሳ ገበያ አልደረሰም። የትኛውን ትጀምራላችሁ?